ባለ ሁለት ፍሬ፣ ባለ አራት ፍሬ

በሰባ አራት ዓመቴ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ የማስበው ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ስኳሬ፣ ሲበዛ ደግሞ ስለ ኑዛዜዬ ነበር። የለም! ዘንድሮ ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ውስጥ ያገኘኝ ሐበሻ ሁሉ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ «ጋሼ፣ ላፕቶፑ ስንት ኮር ነው?» ይለኛል። ሁለት ነው ስለው ከንፈሩን ይመጥልኛል። ልክ ለቅሶ ሊደርሰኝ እንደመጣ ሰው። አንዱማ ሽዋይትሰር ፕላትስ ባቡር ጣቢያ ደረጃው ላይ ትከሻዬን ይዞ «አይዞዎት» አለኝ። አይዞዎት! ምን ሆንኩና?

ጥፋቱ የራሴ ነው። የእድራችን ጸሐፊ ልሁን ብዬ እጄን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ቃለ ጉባኤው በመዝገብ ላይ በእጅ ሲጻፍ ኖሮ «ከእንግዲህ በኮምፒውተር ይሁን» የተባለ ዕለት ጉልበቴን አሞኛል ብዬ መውረድ ነበረብኝ። እኔ ግን አገር ቤት ሳለሁ በታይፕራይተር የመጻፍ ልምድ ስለነበረኝ «ቀላል ነው» አልኩ። አያና ብሩ የአማርኛውን ታይፕራይተር ሲሠሩ ያን ሁሉ ፊደል በስንት መከራ እዚያች ማሽን ላይ እንዳሳፈሩት የሚያውቅ ያውቀዋል። ታዲያ እሳቸውን «ማሽንዎ ስንት ኮር ነው?» ያላቸው ማንም አልነበረም። ትጽፋለች ወይስ አትጽፍም? ትጽፋለች። አለቀ።

ነገሩን ያከበደብኝ ደግሞ ቋንቋው ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሒሳቡን የሚሠራውን ክፍል፣ እንግሊዞቹ «ኮር» የሚሉትን፣ ጀርመኖቹ «ኬርን» ይሉታል። ኬርን ማለት ፍሬ ነው፤ በፖም ሆድ ውስጥ ተሸጉጦ የሚገኘው፣ ሳያስቡት ጥርስ መሐል የሚገባው ፍሬ። ሌላ ሰፈር ብኖር ግድ ባልሰጠኝ። እኔ የምኖረው ግን ማይን ወንዝን ተሻግሮ ነው፤ የወዲያኞቹ በአገሬው አነጋገር «ድሪብደባኽ» ይሉናል፣ ከጅረቱ ማዶ እንደማለት። እዚህ ሰፈር በፖም አይቀለድም። ይጨምቁትና፣ ያብላሉትና፣ ኤበልቮይ ብለው ቤምበል ከሚሉት፣ ግራጫ ገላው ላይ ሰማያዊ ከተሳለበት የሸክላ ማንቆርቆሪያ ይቀዱታል። ብርጭቆው ዙሪያውን ጠርዝ ጠርዝ አለው፤ ድሮ ሥጋ በእጅ እየበሉ ሲጠጡ በቅባት ጣት እንዳያመልጥ ነው ይላሉ። ጣዕሙን ከጠየቃችሁኝ፣ ማሩን የረሱበት ጠጅ ነው። አርባ ምናምን ዓመት ጠጥቼው አሁንም የመጀመሪያው ጉንጭ ዓይኔን ያስጨፍነኛል።

እንግዲህ በ2008 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ እዚህ አገር ጡረታውም ኪራዩም የሚቆጠረው በእሱ ነው) የመጀመሪያውን ኮምፒውተር ልገዛ ሄጄ፣ ጸጉሩን በቅባት ያቆመ ጎረምሳ ሻጭ «ባለ ሁለት ፍሬ ይፈልጋሉ ወይስ ባለ አራት ፍሬ?» ሲለኝ፣ ከኤሌክትሮኒክስ ቤት ወጥቼ አትክልት ተራ የገባሁ መሰለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ያኔ የነበረው ክርክር የትዝታ ጉዳይ ሆኖ ቀረ እንጂ ሰው ሊጣላበት የሚችል ነበር። ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ሁለት ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። አንዱ ኮር ቱ ኳድ ኪው 6600 ይባላል፤ አራት ኮር፣ እያንዳንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ። ጃንዋሪ 2007 ሲወጣ ዋጋው 851 ዶላር ነበረ፤ ሐምሌ ላይ ወደ 266 ወረደ። ሌላው ኮር ቱ ዱዎ ኢ 8400 ነው፤ ጃንዋሪ 2008 በ183 ዶላር የወጣ፣ ሁለት ኮር ብቻ ያለው፣ ነገር ግን እያንዳንዱ በ3 ጊጋኸርዝ የሚጋልብ። አራት ቀርፋፋ ሠራተኛ ወይስ ሁለት ፈጣን? እንደ ልጅነት ተረት ነው፤ ዘንዶ ይሻላል ወይስ አንበሳ።

የአበው ምክር እንኳ አላዳነኝም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላሉ፤ ሁለት ይበቃል ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ፤ አራት ግዛ ማለት ነው። ከዚያ «ሁለት ያባረረ አንድም አልያዘ»! ጭራሽ ባለ አንድ ኮሩን ልፈልግ ይሆን? ሻጩ በትዕግሥት ቆሟል። «ወደፊት ሁሉም ነገር በአራት ነው የሚሠራው» አለኝ። ወደፊት የሚባለው ነገር ለሽማግሌ ሲሸጥ ማየት መቼም ያስገርማል። ከፍዬ አራቱን ተሸክሜ ወጣሁ።

የኋላ ኋላ የልጅ ልጄ እንዳነበበችልኝ፣ አራቱ እንኳ በአንድ ማህፀን የተፈጠሩ አራት አልነበሩም። ሁለት ባለ ሁለት ኮር ቺፖችን አንድ ክዳን ሥር አጋብተው አራት ያሏቸው ናቸው። ምኑም አልነበረ፣ ሁለት ባልና ሚስት አንድ ቤት ተከራይተው ነው። ተፎካካሪው ኤኤምዲ በዚያው በ2007 ፌኖም የሚለውን አውጥቶ «እውነተኛው አራት የእኔ ነው፣ ባንድ ቺፕ ላይ የተወለደ» እያለ ይፎክር ነበር፤ የሚፈበርከውም እዚሁ ጀርመን፣ ድሬስደን ውስጥ ነበር። ከዚያ ራሱ ኤኤምዲ በ2008 ከአራቱ አንዱን ዘግቶ ባለ ሦስት ኮር ሸጠ! ሦስት! በርጩማ ይመስል። ቀጥሎ በ2011 ስምንት ኮር ብሎ ያወጣው ደግሞ ኮሮቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ጓዳ የሚጋሩ ሆነው ተገኙ፤ የነጥብ ሒሳብ የሚሠራው ክፍል ለሁለት አንድ ነው። ሰዎች ካሊፎርኒያ ከሰሱት። «ጓዳ የሚጋሩ ሁለት ቤተሰቦች ስንት ቤት ናቸው?» የሚል ክርክር ነው እንግዲህ፤ በቀበሌ ቤት የኖረ ሰው ይፈርደው ነበር። በ2019 በ12.1 ሚሊዮን ዶላር ታረቁ።

ለምን ኮር ማብዛት እንደጀመሩ ሲነግሩኝ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዘንኩላቸው። ከዚያ በፊት ለብዙ ዓመታት አንዱን ሠራተኛ ነበር ሩጥ፣ ሩጥ የሚሉት። ፔንቲየም 4ን እስከ 3.8 ጊጋኸርዝ ድረስ አስሮጡት። አራት ሊያደርሱት አስበው በ2004 ተዉት፤ ምክንያቱም ዕቃው እንደ ምጣድ ጋለ። ብዙ ባስሮጡት ቁጥር ብዙ መብራት ይበላል፣ የበላውን ሁሉ ሙቀት አድርጎ ይተፋል። ስለዚህ በ2005 ኢንቴልም ኤኤምዲም ፊታቸውን አዙረው አንዱን ከማስሮጥ ሁለት ቀጥረው ቀስ ብለው ያራምዷቸው ጀመር። ይኼ ለእኔ አዲስ አይደለም። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ነው ጡረታ የወጣሁት፤ አለቃው አንዱን ጎበዝ ሲያስሮጥ ከርሞ ወገቡ ሲቆረጥ ሁለት ሰነፍ ይቀጥራል።

የኤርፖርቱን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ አራት ኮር ለምን እንዳናደደኝ እዚያ ነው የሚገባችሁ። በሻንጣ የታጨቀ ትንሽ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ቀና ብሎ መቆም የለም፤ ተንበርክኮ ነው። ሻንጣው በቀበቶ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሩ ላይ አንድ ሰው ይቀበላል፣ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ውስጥ ያለው ይደረድራል። በሩ አንድ ሰው ነው የሚያስቀምጠው። አለቃው መዘግየቱን ሲያይ ሁለት ሰው ጨምሮ ይልካል። የተጨመሩት ምን ያደርጋሉ? ሥር ቆመው ሲጋራ ያምራቸዋል።

ኮምፒውተሬም እንዲሁ ነበር። እድራችን ከቃለ ጉባኤው ሌላ በድሮው የአማርኛ ፎንት የተጻፈ የዓመታት ጽሑፍ ነበረው። የድሮ ፎንት ማለት ከላይ ሲታይ «ሀ» የሚመስል፣ ከሥር ግን የላቲን ፊደል የሆነ፣ ካባ የለበሰ ሌባ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ገብቶ የራሱን ቁጥር አገኘ፤ ማይክሮሶፍትም በ2007 ከቪስታ ጋር ኒያላ የሚለውን ፎንት አወጣ። እኔም አሮጌውን ጽሑፍ ሁሉ ወደ አዲሱ ልቀይር ተነሣሁ። አንድ ወዳጄ ዎርድ ላይ የሚሠራ ማክሮ የሚሉትን ትእዛዝ ጻፈልኝ፤ ከ«ሀ» እስከ «ፖ» 231ዱን ፊደል አንድ በአንድ እየፈለገ የሚተካ። ጫንኩት። ቡና አፈላሁ። ጠጣሁ። ሁለተኛ አፈላሁ። ቶና ላይ ስደርስ ገና «መ» ላይ ነው።

ታስክ ማናጀር የሚባለውን መስኮት ከፈትኩ። አራት ትንንሽ ሣጥን ተደርድሯል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አረንጓዴ መስመር ይራመዳል። ከግርጌው አንድ ቁጥር አለ፤ 25 ከመቶ። ትንሽ ጠበቅሁ፤ 25። ዓይኔን አሸሁ፤ 24፣ 25። አራት ቀጥሬ የአንድ ሰው ሥራ ነው እየተሠራ ያለው! ይባስ ብሎ አንዱ ለይቶት ሠርቶ ሦስቱ እንዳያርፉ፣ ያችኑ አንዲት ሥራ እየተቀባበሉ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ብቅ ይላሉ። ልክ አለቃ ሲመጣ አንድ ሻንጣ ለአራት ይዘው እንደሚሯሯጡት የእኛ ልጆች። ማክሮው ሥራ ማከፋፈል አያውቅም። ሥራው እኮ ሊከፈል ይችል ነበር፤ ገጹን ለአራት መድቦ መስጠት ነው። መዳቢ አልነበረም እንጂ። ባለ ሁለት ኮሩን፣ ያንን 3 ጊጋኸርዝ የሚጋልበውን ብገዛ ኖሮ፣ በሰዓት ምቱ ብቻ በ25 ከመቶ ይቀድመኝ ነበር። መብራቱም 65 ዋት ነው የሚጠይቀው፤ የእኔው ግን 95፣ የመጀመሪያዎቹ እትሞች ደግሞ 105። በክረምት እግሬን አሙቆኛል፣ አልዋሽም።

ይህን ለባለቤቴ ብነግራት፣ ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ ሴት፣ «ዶሮ ወጥ ነው» አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ለፋሲካ እህቶቿ ሲሰበሰቡ ሽንኩርቱን አራት ሆነው ይከትፉታል፤ ዶሮውን ይገነጥላሉ፣ ያጥባሉ፤ እንቁላሉን ይልጣሉ። ቁሌቱ ግን አንድ ድስት ነው። አሥር ሴት ዙሪያውን ብትቆም ሽንኩርቱ ቶሎ አይበስልም፤ ወሬው ነው የሚበስለው። ለሒሳቡ ያህል ሥራው ሁሉ ሁለት ሰዓት ይፈጅ እንበል፤ አንዱ ሰዓት የመክተፍ፣ አንዱ ሰዓት የቁሌት። ሁለት ሴት ብትሆኑ በአንድ ሰዓት ተኩል ታወጣላችሁ። አራት ብትሆኑ በአንድ ሰዓት ከሩብ። ሃያ ብትሆኑ አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ። ከአንድ ሰዓት በታች ግን ንክች! ጂን አምዳል የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር መሐንዲስ ይህንኑ በ1967 ተናግሮ ሕግ በስሙ ተሰየመለት። የአምዳል ሕግ ይሉታል። ባለቤቴ ግን እስካሁን ሕግ አልተሰየመላትም።

ያ ባለ አራት እስኪያረጅ ድረስ አገለገለኝ፣ በኋላም ማዘጋጃ ቤቱ ትልልቅ ቆሻሻ በሚያነሳበት ቀን ደጅ አውጥቼ ጣልኩት። ጠዋት ሳይ ማራገቢያውን ፈትቶ የወሰደ ሰው አለ። ፕሮሰሰሩን ትቶት።

አሁን ወዳለሁበት መከራ ልምጣ። አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገባና «ጋሼ፣ ላፕቶፕ» አለኝ። «ምን ዓይነት?» ብለው «ኮር አይ ሰቨን ቢሆን» አለ። አገር ቤት አይ ሰቨን ማለት እንደ ድሮው ላንድክሩዘር ነው፤ ስሙ ብቻ ይበቃል። አዲሱን እንዳልገዛ የጡረታ ነገር ታውቃላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ወንዙ ዳር፣ ሙዚየሞቹ ፊት ለፊት በሚዘረጋው ፍሎማርክት ወረድኩ፤ ሰልባጅ ተራ በሉት። አሮጌ ማንኪያ፣ የሞተ ሰው ኮት፣ የቤምበል ስብርባሪ፣ ከሁሉም መሐል አንድ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት ያጠለቀ ሰውዬ ላፕቶፕ ደርድሯል። አንዱ ላይ «አይ ሰቨን» የሚል ተለጣፊ አየሁ። 150 ዩሮ አለ። «ስንት ኮር ነው?» አልኩት፤ መቼም በ2008 ተምሬያለሁ! ከፈተው፣ ታስክ ማናጀርን አወጣ፣ እነዚያን ሣጥኖች አሳየኝ። ቆጠርኩ፤ አራት። «ፊር!» አለ አራት ጣቱን ወደ ፊቴ አቅንቶ። ተከራክሬ በ120 ወሰድኩት። በብረቱ ድልድይ በኩል፣ ፍቅረኞች የቆለፉት ቁልፍ በተንጠለጠለበት፣ ወጣ ወረድ እያልኩ ትንሽ ተንጎራደድኩ። የገበያ አንበሳ።

ቤት ስደርስ የልጅ ልጄ ከፈተችው። ዓይኗን አንዴ ጣል አድርጋ «አባባ፣ ሁለት ነው እኮ» አለችኝ። «አራት ነው፣ ሣጥኑን ቁጠሪ!» አልኳት። ጣቷን ከሣጥኖቹ በታች፣ እኔ መነጽሬን ሳላደርግ ልብ ወዳላልኩት ጽሑፍ ወሰደችው። «ኬርነ፦ 2» ይላል። ከሥሩ «ሎጊሸ ፕሮጸሶረን፦ 4»። ለካስ አንዱን ሠራተኛ ሁለት አስመስሎ የሚያሳይ ጥበብ አለ፤ አንዲት ወጥ ቤት ሁለት ድስት ጥዳ አንዱ እስኪፈላ ሌላውን እንደምታማስለው ማለት ነው። ጎበዝ ናት፣ ግን አንድ ናት። ጓንቱ የተቆረጠው ሰውዬ ድስት ነው የቆጠረልኝ።

«አይ ሰቨን ሁለት ኮር ይኖረዋል?» ብዬ ጮህኩ። ይኖረዋል! የጠረጴዛው አይ ሰቨን አራት ሲኖረው የላፕቶፑ፣ ያ ከቁጥሩ ጫፍ «ዩ» የሚል ጅራት ያለው፣ ለዓመታት ሁለት ነበር። የእኔው በ2016 የወጣው 7500ዩ ነው። በ2017 ደግሞ ታናሹ አይ ፋይቭ፣ 8250ዩ፣ አራት ይዞ ብቅ አለ። ታናሹ ታላቁን በእጥፍ በለጠው። ባላምባራሱ ፊታውራሪውን ሲያዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ልጁ ስለ ኮር አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ጋሼ፣ ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» አለኝ። እኔን የጠየቀኝ መስሎኝ «የ66ቱ አብዮት» ልለው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ላፕቶፑን ማለቱ ነው። «ሰባተኛ መሰለኝ» አልኩት። ዝም አለ። ልጅ ለታላቁ «ተሸወድክ» ማለት ሲያቅተው የሚለው ዝምታ። «ከስምንተኛ በታች ባይሆን…» አለ በመጨረሻ። ያለው ይቅርና ያላለው ገባኝ፤ አራቱ ኮር ለላፕቶፑ የመጣው ከስምንተኛው ነው፣ ዊንዶውስ 11ም ከኢንቴል በኩል በደንብ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ነው። ወረቀቱ ላይ ሲታይ እኮ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው ሁለት ኮር ብቻ ነው! ሁለት ይበቃል ይላል፤ ግን የእኔዎቹን ሁለት አይደለም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ቆሟል። ጀርመን ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ኮር ብዛት ስጠየቅ ኖሬ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀኝ መገናኛ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ የተማረ ጎረምሳ ሆነ።

እና ላፕቶፑ ለእኔ ተረፈ። ከንፈር የሚመጡልኝ በእሱ ነው።

ብቻ አንድ ነገር አለ፣ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም። ይህ ባለ ሁለት ፍሬ እንደ ምጽዋ ባቡር ነበር የሚንፏቀቀው። ስከፍተው የዳዊት ንባቤን ጨርሼ አይነሣም። የእድሩ ሰዎች ሁሉ መርማሪ ሆኑ፤ «ሁለት ኮር ስለሆነ ነው»። የልጅ ልጄ ግን ያንን መስኮት እንደገና ከፈተችው። ሲፒዩው 6 ከመቶ ይላል፤ ሁለቱም ሠራተኞች ቁጭ ብለዋል። ከሥር «ዳተንትሬገር» የሚል አለ፤ ሃርድ ዲስኩ ነው። 100 ከመቶ፣ ቀይ ለብሶ። ጆሮዬን ላፕቶፑ ላይ ለጠፍኩ፤ ከግራ መዳፌ ሥር ቅር፣ ቅር፣ ቅር የሚል ድምፅ አለ፤ አይጥ ሳጥን የምትፍቅ ይመስላል። የአውሮፕላኑ በር! አራት ቀጥሬ፣ ሁለት ቀጥሬ፣ ሁሉም በሩ ላይ ያችን አንዲት ሻንጣ ነው የሚጠብቁት። የልጅ ልጄ ሃርድ ዲስኩን አውጥታ የማይሽከረከር፣ ኤስኤስዲ የሚሉትን፣ እንደ ሜንታ ማስቲካ ቀጭን ነገር አስገባች። ዊንዶውሱንም አውጥታ ሊኑክስ ጫነችልኝ። አሁን ስጫነው የዳዊቱን የመጀመሪያ መስመር ሳልጨርስ ይነሣል። ለአስራ ሰባት ዓመት ስለ ኮር ተከራክሬ!

ይህን ስል አራት ኮር የማይረባ ነው እያልኩ አይደለም፣ ኋላ ልጆቹ እንዳይቆጡኝ። የእድሩ ስብሰባ በቪዲዮ ሲሆን፣ የሃያ ሰው ፊት እያሳየ፣ አሳሹ ሠላሳ ገጽ ተከፍቶበት፣ ያኔ ሁለቱ ፍሬዎቼ ላብ ላብ ይላቸዋል፤ የገንዘብ ያዡ አፍ ይከፈትና ቃሉ ከደቂቃ በኋላ ይመጣል። (ገንዘብ ያዡ ራሱ እንዲህ ነው፤ ኮሩ ይሁን እሱ ለመለየት ተቸግሬያለሁ።) ጎግል ክሮምን በ2008 ሲያወጣ ለእያንዳንዱ ገጽ የራሱን ሠራተኛ መደበለት፤ ስለዚህ ዛሬ ሥራ ፈት ሰው ሳይቀር አራት ኮር ያሠራል። የልጅ ልጄ ቪዲዮ ስትቆርጥ ደግሞ አራቱም ሣጥን እስከ ጣራው ይሞላል፣ እንደ ከበሮ ይመታል፤ እሱ ደስ ይለኛል፣ ሁሉም ሲሠራ ማየት። ሻጩ ጎረምሳ «ወደፊት» ያለኝ መጥቷል ማለት ነው። አራት ኮሬን ከጣልኩ በኋላ።

ለእህቴ ልጅ ስምንተኛ ጄኔሬሽን አይ ፋይቭ፣ አራት ኮር፣ ኤስኤስዲ ያለው ገዛሁለት፤ ፍሎማርክት አይደለም፣ ደረሰኝ ካለው ቦታ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ በሹራብ ጠቅልሎ ይዞለት ሄደ። ትላንት ማታ ደወለ። መርቆኛል፣ አመስግኖኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ የጓደኛዬ ግን አሥራ ሁለተኛ ጄኔሬሽን ነው፤ አሥር ኮር አለው» አለኝ።

«አሥር?»

«አሥር። ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። ትልልቅና ትንንሽ አላቸው።»

መነጽሬን አወለቅሁ። «ትልልቆቹ ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ሌሎቹስ?»

«ስምንቱ ትንንሾች ናቸው፤ ቀለል ያለ ሥራ ነው የሚሠሩት።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ወጥ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ «ሁለት ነው» አልኳት።

«ምኑ?» አለች ቀና ሳትል። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ብቻዋን።